«አሳዪን እንጂ አትንገሪን» ብለውኝ 9 ገጹ ታሪኬ 24 ገጽ ሆነ

የሾላ ልጅ | ሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። እስካሁን አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

አንዲት አጭር ልብ ወለድ አለችኝ። ባለታሪኳ አልማዝ ትባላለች። 7 ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ ወደ አገሯ ትመለሳለች። በየወሩ የላከችው ብር ተጠራቅሞ የሚጠብቃት ይመስላታል። ብሩ የለም። ታናሽ ወንድሟ ባጃጅ ገዝቶበታል። ባጃጁም ተገልብጦ ተሰባብሯል፤ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሣር በቅሎበታል። ታሪኩ ይኸው ነው። 9 ገጽ ነበር።

የምንሰበሰብ ጥቂት ጀማሪ ጸሐፊዎች አለን። እዚያ አነበብኩላቸው። ሁሉም በአንድ አፍ «ነገርሽን እንጂ አላሳየሽንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ። «ተናደደች»፣ «ደነገጠች»፣ «ናፈቃት» የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር እየነቀልኩ በምትኩ ማሳየት ተከልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። 24 ገጽ ሆነ። ትናንት ቁጭ ብዬ ሳነበው 6ኛው ገጽ ላይ እኔው ደራሲዋ አንቀላፋሁ።

ድሮ እንዲህ ነበር፦

«አልማዝ ባጃጁን ስታየው ገንዘቧ የት እንደገባ ገባት። ተናደደች። ግን ምንም አላለችም።»

አሁን እንዲህ ሆነ፦

«የአልማዝ ዓይኖች ባጃጁ ላይ ተተከሉ። እጇ ተንቀጠቀጠ። ጉሮሮዋ ደረቀ። ምራቋን ዋጠች። ልቧ ድው ድው አለ። ጥርሷን ነከሰች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ከሩቅ ውሻ ጮኸ። እጇ እንደገና ተንቀጠቀጠ።»

ሙሉውን አያይዤዋለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው። እንደታዘዝኩት አሳየሁ። ታዲያ ለምን አይታይም?

ሳቂታው | ሰኞ ማታ 3፡52

24ቱንም ገጽ አነበብኩ። «እጇ ተንቀጠቀጠ» 11 ጊዜ። «ከሩቅ ውሻ ጮኸ» 4 ጊዜ። ልጅቷን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ለውሻውም የሆነ ነገር ጣይለት።

ጥቁር ሰሌዳ | ሰኞ ማታ 4፡15

እህቴ አይዞሽ። ይኼ በሽታ ያልያዘው የለም።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። በየዓመቱ አንድ መልመጃ እሰጣለሁ። ሰሌዳው ላይ «ከበደ ደግ ሰው ነው» ብዬ እጽፍና «ደግ የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ ደግነቱን አሳዩኝ» እላለሁ። ምን ይዘው እንደሚመጡ ታውቂያለሽ? ለማኝ። ከበደ መንገድ ላይ ለማኝ ያያል፣ ኪሱ ይገባል፣ ያለችውን የመጨረሻ ብር አውጥቶ ይሰጣል። 50 ተማሪ፣ 50 ለማኝ።

አንድ ዓመት አንዲት ልጅ ብቻ «ከበደ ታክሲ ሲሳፈር ሁልጊዜ ሞተሩ ላይ ነው የሚቀመጠው» ብላ ጻፈች። ሌላ ምንም የለም። አንድ መስመር። ያችን ወረቀት እስካሁን አልጣልኳትም።

ስለዚህ ማሳየት በራሱ ሙያ አይደለም። ማንም የሚያሳየውን ካሳየሽኝ ያው መንገር ነው፤ ረዘመ እንጂ። «ደግ ነው» ብትዪኝ ሁለት ቃል አጠፋሽብኝ። 51ኛውን ለማኝ ብታመጪብኝ ግን አንድ ገጽ አጠፋሽብኝ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ጉሮሮ መድረቅ፣ የልብ ድው ድው፣ እነዚህ ሁሉ ያንቺ ለማኞች ናቸው።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ትረካ ጊዜን ያጥፋል፤ ትዕይንት ጊዜን ይዘረጋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ከ24 ገጽሽ 8ቱ አውሮፕላን ማረፊያ ነው ያለቁት። ሻንጣ መጠበቅ ብቻውን 2 ገጽ ወሰደ። ለምን? እዚያ ቦታ እኮ ምንም አልሆነም።

የሾላ ልጅ | ሰኞ ማታ 4፡31

ሞተሩ ላይ! መምህር፣ ያችን ልጅ ፈልገው ወደዚህ ቤት ያምጡልን።

አውሮፕላን ማረፊያውን ያስገባሁት «መመለሷን አሳዪን» ስላሉኝ ነው። ድሮ «አልማዝ ከ7 ዓመት በኋላ ተመለሰች» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

የችሎት ጸሐፊ | ሰኞ ማታ 5፡20

እኔ ሥነ ጽሑፍ አልተማርኩም። ፍርድ ቤት የምስክር ቃል ስጽፍ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ግን እናንተ የምትከራከሩበትን ነገር በየቀኑ አየው ነበር።

ምስክር ይቀርባል። ይምላል። «ተከሳሹ በጣም ተናዶ ነበር» ይላል። ዳኛው ቀና ይሉና «በምን አወቅህ?» ይሉታል። ምስክርነቱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። «ጫማውን ሳያደርግ ነው የወጣው» ይላል። «በሩን ሳይዘጋ ነው የሄደው» ይላል። ተናዷል፣ አልተናደደም የሚለው የዳኛው ሥራ ነው።

ያው ምስክር ግን «ከሳሽን አውቀዋለሁ፤ ጎረቤቴ ነው» ሲል ዳኛው «በምን አወቅህ» አይሉትም። ያልፉታል። ማንም አይከራከርበትማ። ሰፈሩ፣ ዕድሜው፣ ዝምድናው ሁሉ በማስረጃ ይረጋገጥ ቢባል አንድ መዝገብ በዓመትም አይዘጋ።

እኔ ልብ ወለድ ሳነብም እንደዚያ ነው የምቀመጠው። የማልከራከርሽን ንገሪኝ። የምከራከርሽን አሳዪኝ። አልማዝ ቤይሩት 7 ዓመት መቆየቷን በቃልሽ አምንሻለሁ፤ ምን ቸገረኝ? ወንድሟ ገንዘቧን መብላቱን ግን እንዲሁ አልቀበልሽም። እናትየው እያወቀች ዝም ማለቷንማ ጨርሶ አልቀበልሽም፤ እናት ናታ። አሁን ግን የማልከራከርሽን ነገር 8 ገጽ አሳየሽኝ። የእናትየውን ጉዳይ «እናቷም ታውቅ ነበር» ብለሽ በአንድ መስመር ነገርሽኝ። ማስረጃው ተገላብጦብሻል።

ሳቂታው | ሰኞ ማታ 5፡26

ጋሼ፣ ይኼንን በፍሬም አሠርተን በሩ ላይ እንስቀለው።

ዘቢዳር | ሰኞ ማታ 5፡48

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። «ንገሪኝ» ማለት እንደ ዜና አንብቢልኝ ማለት አይደለም። «አልማዝ ከ7 ዓመት በኋላ ተመለሰች» የሚለውን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ማን ነው የሚነግረኝ? ምን ዓይነት ሰው ነው? ጎረቤት ናት? ወንድምየውን የታዘበ ሰው ነው? ለምሳሌ፦

«አልማዝ 7 ዓመት ቤይሩት ሠርታ መጣች። ወንድሟ 7 ዓመት ተቀምጦ ጠበቃት።»

ይኼ መንገር ነው። አንድም የታየ ነገር የለበትም። ግን ወንድምየው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ገባኝ።

ቅኔ ቤት | ማክሰኞ ጠዋት 12፡40

ይቅርታ አድርጉልኝና ይኼ «አሳይ እንጂ አትንገር» የሚሉት ነገር የፈረንጅ ነው። እኛ ከጥንት ጀምሮ ሰምና ወርቅ አለን። ሰሙን ታሳያለህ፤ ወርቁን ሰሚው ያወጣል። ከዚህ በላይ ማሳየት ምን አለ?

ጥቁር ሰሌዳ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡05

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልተግባባንም። በሰምና ወርቅ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይይዛል። ወርቁ የተደበቀ ነው፤ ቆፍሮ የሚያወጣ ይፈልጋል። ከበደ ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ግን የተደበቀ ነገር የለም። ሞተሩ ሞተር ነው፤ ይሞቃል፤ ሌላው ተሳፋሪ አይፈልገውም። አንባቢው እንቆቅልሽ አልፈታም። አየና አወቀ። እዚህ ላይ ተምታቶባቸው ታሪኩን እንቆቅልሽ የሚያደርጉ ወጣት ጸሐፊዎች ስንቱን አይቻለሁ። «ማሳየት» ብለው ይደብቁብሃል።

ቅኔ ቤት | ማክሰኞ ጠዋት 1፡11

እሺ፣ ተረትስ? «አንድ ንጉሥ ነበር። ሦስት ልጆች ነበሩት። ትንሹ ብልህ ነበር።» አያቴ እንዲህ ነበር የምትለው። ሞተርም ለማኝም የለም። ብልህ ነው አለች፤ ብልህ ነው ብዬ ተቀበልኩ። እንቅልፌ ግን አልመጣም።

ዘቢዳር | ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

አያትህ በድምፃቸው ያሳዩህ ነበራ! ጅቡ ሲመጣ ድምፃቸው አይወፍርም ነበር? ወረቀት ላይ ያ የለም።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስበው። በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው። ደራሲው ብዙ ይነግራሉ። ታሪኩን አቁመው ስለ ዘመኑ ሥርዓት በጉዱ ካሳ አፍ ይሟገታሉ። ዛሬ አንድ ጀማሪ እንደዚያ አድርጎ ወደ ስብሰባ ቢያመጣው በቀይ እስክሪብቶ ይጨርሱት ነበር። ግን ስንቱ ሰው ነው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ሥራውን ጥሎ ያዳመጠው። እናቴ እስካሁን ድምፁን እያስመሰለች ታሰማናለች። ድምፅ ያለው ሰው ሲነግርህ አይሰለችህም። ችግሩ መንገሩ ላይ አይመስለኝም። ማንም ያልሆነ ሰው ሲነግርህ ነው የሚሰለቸው።

የመልስ ትኬት | ማክሰኞ ጠዋት 2፡20

እኔ መጻፍ አልችልም። ግን ቤይሩት 5 ዓመት ነበርኩ። የሾላ ልጅ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ አልማዝሽ ቤይሩት የኖረች አትመስልም።

ሻንጣው ልክ ነው። ስኮቹም ልክ ነው፤ ጠቅልለን ጠቅልለን ነው የመጣነው። ግን እሱን ማንም ቦሌ ቆሞ ሊያየው ይችላል።

እኔ የመጣሁ ዕለት ምን ሆንኩ መሰለሽ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ቡና ተፈልቷል። እንግዳዋ እኔ ነኝ፤ መሀል ላይ አስቀምጠውኛል። መቀመጥ ግን አቃተኝ። ሰው ስኒ ባስቀመጠ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አንስቼ ጓዳ ገብቼ አጥባለሁ። እናቴ «ኧረ ቁጭ በይ፣ ገና ቶናው አልወረደም» ትለኛለች። እቀመጣለሁ። ደግሞ እነሳለሁ። የጎረቤታችንን ስኒማ ቡናው ሳያልቅ ከእጇ ወሰድኩባት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ማታ እናቴ ጓዳ ገባች። ስኒዎቹ ታጥበው፣ ተወልውለው፣ እጀታቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ ተደርድረዋል። ማዳም እንደዚያ ነበር የምትወደው። እናቴ ምንም አላለችኝም። እጄን ይዛ መዳፌን ገልብጣ አየችው።

ስጠራም በዓረብኛ «ነዓም» እል ነበር። እናቴን! ሁለት ወር ያህል አልለቀቀኝም።

አንቺ «አልማዝ ብዙ ተንገላታለች» ብለሻል። ከዚያ ሦስት ገጽ ህልም አስገብተሻል፤ ማዳም ስትጮህ፣ በር ሲቆለፍ ምናምን። ህልሙን አውጪው። ቲያትር ይመስላል።

ስለ ባጃጁም ልንገርሽ። እጅ አይንቀጠቀጥም። እኛ ዕቃ ስናይ በወር ነው የምንቆጥረው። ይኼ ቴሌቪዥን የሁለት ወር ነው። ይኼ ሶፋ የአራት ወር ነው። አልማዝ ባጃጁን ስታይ መጀመሪያ የምታደርገው ማካፈል ነው።

የሾላ ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡41

ቢሮ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጥቤ መጣሁ።

እህቴ፣ ስኒውን ልውሰደው? ትፈቅጅልኛለሽ?

የመልስ ትኬት | ማክሰኞ ጠዋት 2፡44

ውሰጂው። የስኒው ብዛት ግን ስንት ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

የችሎት ጸሐፊ | ማክሰኞ ጠዋት 3፡30

«መዳፌን ገልብጣ አየችው።» እናትየው ታውቃለች፣ አታውቅም የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አለቀ። መዝገቡ ተዘጋ።

በረዶ ላይ | ማክሰኞ ከሰዓት 9፡15

ከስዊድን ነኝ፤ ዘግይቼ ደረስኩ። ቅኔ ቤት «የፈረንጅ ነው» ላለው ትንሽ ልበል። ፈረንጆቹም አልተስማሙበትም።

ሁሉም ሰው የሩሲያው ደራሲ ቼኾቭ «ጨረቃዋ ታበራለች ብለህ አትንገረኝ፤ በስብርባሪ ጠርሙስ ላይ ብልጭታዋን አሳየኝ» ብሏል ይላል። ቃል በቃል እንዲህ አላለም። እ.ኤ.አ. በ1886 ለወንድሙ ለአሌክሳንደር በጻፈው ደብዳቤ ላይ ግን ተቀራራቢ ነገር አለ። ጨረቃዊ ሌሊት ለማሳየት በወፍጮ ግድብ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ እንደ ኮከብ ብልጭ ማለቱ፣ የውሻ ወይም የተኩላ ጥላ ተንከባሎ ማለፉ ይበቃል ነው የሚለው። ልብ አድርጉ፣ ነገሩ ሁለት ናቸው። ጠርሙስና ጥላ። ዝርዝር አብዛ አላለም፤ ቀንስ ነው ያለው። እኛ ግን ምክሩን ይዘን ዝርዝር እናበዛለን።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1921 ፐርሲ ለቦክ የሚባል እንግሊዛዊ ሃያሲ የልብ ወለድ ጥበብ የሚጀምረው ታሪኩ የሚታይ ነገር ሲሆን ነው አለ። ብዙው የጽሑፍ ኮርስ ከእሱ ወዲህ በዚያው መንገድ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ አሜሪካዊው ሃያሲ ዌይን ቡዝ ተነሥቶ ደራሲ የቱንም ያህል ቢደበቅ ድምፁ አይጠፋም፤ የሚታየውን የመረጠው እሱ ነው ብሎ ሞገተ። ስለዚህ የሾላ ልጅ ላይ በአንድ አፍ የፈረዱት ልጆች የ1921ን ይዘው የ1961ን ዘለውባት ነው።

ሳቂታው | ማክሰኞ ከሰዓት 9፡22

ቼኾቭም ውሻ ነበረው ማለት ነው? የሾላ ልጅ፣ ይቅርታ ጠይቄሻለሁ።

ቃላት ለቃሚ | ማክሰኞ ማታ 1፡00

እስካሁን ያልተነሣ ነገር አለ። አማርኛ ራሱ ያታልላችኋል።

ስሜታችን የሚኖረው ሰውነት ውስጥ ነው። ሆድ ይባባል። አንጀት ይላወሳል። ደም ይፈላል። ፊት ይጠቁራል። አሁን አንድ ጸሐፊ «አዘነች» የሚለውን ሰርዞ «አንጀቷ ተላወሰ» ብሎ ይጽፋል። አሳየሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ምን አሳየ? ማንም አንጀት አላየም። «አንጀቷ ተላወሰ» ስዕል ሆኖ ተወልዶ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ቃል ነው፤ «አዘነች» ማለት ነው። «ጥርሷን ነከሰች»ም ወደዚያው እየሄደ ነው።

መጥፎ ናቸው አላልኩም። ጎረቤት ለጎረቤት ሲያወራ በጣም ያምራሉ። ንግግር ውስጥ አስገቡልኝ። ብቻ ነግራችሁ ሳለ አሳየን እንዳትሉ።

በተቃራኒው ደግሞ አማርኛ በአንድ ቃል የሚያሳይበት መንገድ አለው። «ተቀመጠች» ብትዪ ነገርሽኝ። «ዘጭ አለች» ብትዪ ክብደቷን ሰማሁ። «ቁጢጥ አለች» ብትዪ ወንበሩ ጫፍ ላይ አየኋት። «ኩርምት አለች» ካልሽ ብርድ ወይ ሐዘን አለ። «ፈንጠር ብላ ተቀመጠች» ካልሽ ደግሞ ተጣልተዋል። አንድ ገጽ ሙሉ መግለጫ ከምትደረድሪ ትክክለኛውን ቃል ፈልጊ። የመልስ ትኬት «ብድግ እላለሁ» ነው ያለችው። «እነሳለሁ» ብትል ኖሮ ያ መደንገጧ ይጠፋ ነበር።

ጥቁር ሰሌዳ | ማክሰኞ ማታ 1፡25

ይህንን ነገ ክፍል ውስጥ እሰርቅሃለሁ።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የሞተ አነጋገርን ማንቃት ይቻላል። «ሆዷ ባባ» ብሎ ከማለፍ «ሆዷ እንዳይባባባት የስኒዎቹን እጀታ ቆጠረች» ቢባል ቃሉ ነቃ አላለም?

ቃላት ለቃሚ | ማክሰኞ ማታ 1፡33

ነቅቷል መምህር። ያነቃው ግን ሆዱ አይደለም፤ እጀታው ነው።

እታለም | ማክሰኞ ማታ 2፡10

ለስሜ ሲባል የግድ መግባት አለብኝ።

የወንድምየው ምልልስ ላይ ነው ችግሬ። አልማዝ ታላቅ እህቱ ናት አይደል? ታዲያ በታሪኩ ውስጥ በሙሉ «አልማዝ» እያለ ነው የሚጠራት። ስልክ ላይም፣ ቤትም። እኛ ቤት እኮ ታላቅ እህት በስሟ አትጠራም። ይኼ ስህተት አይደለም፤ ያላየሽው ወርቅ ነው። (ቅኔ ቤት ይቅር ይበለኝ።)

ቤይሩት እያለች ስልክ ሲደውል «እታለም» ይበላት። «እታለምዬ፣ ለደብተር ትንሽ ጎደለን።» ስትመጣ ግቢው ላይ «አንቺ፣ መጣሽ እንዴ?» ይበላት። አለቀ። «ወንድሟ ተለውጧል»፣ «ዓይኗን ማየት አልቻለም»፣ «ጥፋተኛነት ተሰምቶታል» የሚሉትን ሦስቱንም ሰርዢ። አንባቢው «እታለም የት ሄደች?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል።

እሷም ብትሆን። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ታናሽ ወንድሙን «እርስዎ» ካለው ምን ማለት ነው? አክብሮት ነው? ኧረ ወዲያ። እናቴ «ይቀመጡ እንጂ ጌታዬ» ስትለኝ ከቤት የምወጣበትን በር ነበር የምፈልገው። በአንተ፣ በአንቺና በአንቱ መካከል ስንት ቁጣ፣ ስንት ኩርፊያ እንደሚያልፍ እያወቅን «በቁጣ ተናገረች» ብለን ለምን እንጽፋለን?

ዘቢዳር | ማክሰኞ ማታ 2፡18

ኡኡቴ። ይኼንን ያስተማረን ሰው የለም እኮ።

ቅኔ ቤት | ማክሰኞ ማታ 2፡30

ይቅር ብያለሁ። ደግሞም እንዲህ ከሆነ ነገሩ የፈረንጅ አይደለም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይመዝገብልኝ።

የችሎት ጸሐፊ | ማክሰኞ ማታ 2፡37

ጠዋት ያልከው የፈረንጅ ነው የሚል ነው ልጄ። ቃልህ ተመዝግቧል።

የሾላ ልጅ | ሐሙስ ማታ 4፡00

ሁለት ቀን ጠፋሁ። ስሠራ ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያው ወጣ። ህልሙ ወጣ። መግቢያው ላይ የዘቢዳርን ዓረፍተ ነገር ወሰድኩ፤ 7 ዓመቱ በሁለት መስመር አለቀ። ከእሱ ቀጥሎ የወንድሟ የስልክ ጥሪዎች በአንድ አንቀጽ ተጠቃለው ይመጣሉ፤ ሁሉም በ«እታለም» የሚጀምሩ፣ ሁሉም በብር የሚያልቁ። እናትየው ግን ከአንድ መስመር ወደ ሦስት ገጽ አደገች። ትልቁ ትዕይንት የእሷ ሆነ። ለካ ታሪኩ የእናትየው ነበር። ይኼንን ማንም አልነገረኝም፤ የት ማሳየት እንዳለብኝ ስፈልግ ነው ያገኘሁት።

«ተናደደች» የሚለውን አንድ ቦታ አስቀርቼዋለሁ። ጎረቤቷ ናት የተናደደችው፤ ስለ ጎረቤቷ ማንም አይከራከረኝም።

13 ገጽ ሆኗል። የባጃጁ ቦታ አሁን ይኼ ነው፦

«ባጃጁ ከግንቡ ሥር በጎኑ ተኝቷል። በጎማዎቹ መሀል ሣር ወጥቷል። አልማዝ ቆጠረች። የ19 ወር ደሞዝ። ሦስት ጎማ። አንዱ ጎማ 6 ወር ከ10 ቀን።

«ሻይ ይጠጡ እንጂ፣ ባለ ባጃጁ» አለችው።

ሳይጨርስ ስኒውን ከእጁ ወሰደችና ልታጥበው ገባች።

እናቷ ተከትላት ወደ ጓዳ ስትገባ ብርጭቆዎቹ ሳይቀሩ ታጥበዋል። እጀታ ያለው ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞሯል።»

ጥቁር ሰሌዳ | ሐሙስ ማታ 4፡12

«ቆጠረች» የሚለው ይቅር። ቁጥሩ ራሱ እየቆጠረች መሆኑን ይናገራል። «6 ወር ከ10 ቀን» ላይ ግን ከወንበሬ ተነሣሁ። 10 ቀኗን ያልረሳች ሴት!

ቃላት ለቃሚ | ሐሙስ ማታ 4፡20

እኔ «ቆጠረች» ይቆይ ባይ ነኝ። እሱ ከሌለ ቁጥሩን ደራሲዋ የነገረችን ይመስላል። ስኒ ወይስ ብርጭቆ? ሻይ ነው ያልሽው።

የሾላ ልጅ | ሐሙስ ማታ 4፡23

ውይ! ሻዩ ቡና ይሁን። «ቆጠረች» ላይ እናንተው ተስማሙና ንገሩኝ።

ሳቂታው | ሐሙስ ማታ 4፡30

አዲሱን ቆጠርኩ። የተንቀጠቀጠ እጅ፣ 0። ውሻ፣ 0። እጁስ ዳነ። ውሻውን ግን ምን አደረግሽው?

የመልስ ትኬት | ሐሙስ ማታ 4፡38

ባጃጁ ውስጥ ተኝቷል በዪው። የሹፌሩ ወንበር ላይ።

የሾላ ልጅ | ሐሙስ ማታ 4፡39

አስገባሁት።